የዋሽንግተን የቼሪ አበባ በዓል፦ ዛፉን እንጂ መርሐ ግብሩን አትከተሉ

«ሄድን፤ አበባ ግን የለም።» ስለ ዋሽንግተን ዲሲው የቼሪ አበባ በዓል በየዓመቱ የሚሰማ ቅሬታ ነው። ቅሬታው እውነትነት አለው፤ ጥፋቱ ግን የዛፉ አይደለም። በዓሉ ከማርች 20 ገደማ ጀምሮ እስከ ኤፕሪል አጋማሽ የሚዘልቅ ሲሆን የጎዳና ትርኢት ሰልፉም፣ በክር ይዘው በነፋስ የሚያበሩት የካይቱም ቀን ከወራት በፊት ተቆርጦ ይታወጃል። ዛፉ ግን ማስታወቂያ አያነብም፤ የሚያውቀው የፌብሩዋሪን ብርድና የማርችን ሙቀት ብቻ ነው። ስለዚህ ፍርዱን ከወዲሁ እንናገር፦ ነፃ ከሆኑት የከተማዋ ዝግጅቶች ይህን የሚወዳደር ማግኘት ይከብዳል፤ ገንዘብ የሚጠየቅባቸው ክፍሎቹ አብዛኞቹ ለገንዘቡ አይመጥኑም፤ ቀንና ሰዓት ሳይመርጥ የሚሄድ ሰው ደግሞ ከሰው ጀርባ ሌላ የሚያየው ነገር አያገኝም። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት፣ ቀናትና ሰዓታት በሙሉ በአሜሪካ አቆጣጠር ናቸው።)

ቀኑን መምረጥ

በታይዳል ቤዝን ሐይቅ ዙሪያ፣ በምሥራቅና በምዕራብ ፖቶማክ ፓርክ እንዲሁም በዋሽንግተን ሐውልት ግቢ ያሉት የቼሪ ዛፎች 3,700 አካባቢ ይሆናሉ። አብዛኞቹ ዮሺኖ የሚባለው ዝርያ ናቸው፤ ቅጠል ከማውጣታቸው በፊት ነጭ፣ ፈዘዝ ያለ ሮዝ የነካው አበባ ያወጣሉ። የብሔራዊ ፓርኮች አገልግሎት «ሙሉ ፍካት» የሚለው ከዮሺኖ አበቦች 70 በመቶው የተከፈቱበትን ቀን ነው። ያ ቀን በ2020 ማርች 20፣ በ2021 ማርች 28፣ በ2022 ማርች 21፣ በ2023 ማርች 23፣ በ2024 ማርች 17፣ በ2025 ማርች 28 ነበር። ከተመዘገቡት ሁሉ የቀደመው በ1990 ማርች 15፣ የዘገየው በ1958 ኤፕሪል 18 ነው። በሁለቱ መካከል ከአንድ ወር በላይ አለ። ከሌላ ግዛት የሚመጣ ዘመድ በዲሴምበር የአውሮፕላን ቲኬት ልቁረጥ ካለ ቁማር እየተጫወተ መሆኑን ንገሩት።

ፓርኮች አገልግሎቱ በማርች መጀመሪያ ላይ ትንበያ ያወጣል፤ ሆኖም ከ10 ቀን በላይ አርቆ መተንበይ አስተማማኝ እንዳልሆነ ራሱም ይናገራል። ከትንበያው ይልቅ የእምቡጡን ደረጃ መከታተል ይሻላል። እምቡጡ መጀመሪያ አረንጓዴ ይሆናል፤ ቀጥሎ ውስጡ የታጨቁት ትንንሽ አበቦች መታየት ይጀምራሉ፤ ከዚያ ወደ ውጭ ይወጣሉ፤ ከዚያ የእያንዳንዷ አበባ ቀጭን ዘንግ ይረዝማል፤ ነጭ ሆኖ ያብጣል፤ በመጨረሻም ይፈካል። ለተጓዥ ዋናው አራተኛው ደረጃ ነው። የአበባው ዘንግ ረዘመ ከተባለ ሙሉ ፍካቱ በአማካይ ከ5 እስከ 10 ቀን ይቀረዋል፤ ነጭ ሆኖ ካበጠ ደግሞ ከ4 እስከ 6 ቀን። ከሥራ ፈቃድ የሚጠየቀው ያኔ ነው። ደረጃዎቹ በፓርኮች አገልግሎቱ ድረ ገጽ ላይ ይለጠፋሉ፤ ሐይቁን በቀጥታ የሚያሳየው «ብሉም ካም» የተባለው ካሜራም አለ። ከጄፈርሰን መታሰቢያ አቅራቢያ ያለች አንዲት ዛፍ ከሌሎቹ ሳምንት ያህል ቀድማ ትፈካለች፤ ፎቶዋ ማኅበራዊ ሚዲያውን ሲሞላው «ፈካ!» ብሎ የሚሮጥ አይጠፋም። ያቺ ጠቋሚ ናት፤ ሌሎቹ ገና ናቸው።

ምን ሊበላሽ ይችላል? አንደኛው ውርጭ ነው። እምቡጡ ነጭ ሆኖ ባበጠበት ሰሞን ሙቀቱ ከዜሮ በታች 3 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢና ከዚያም በታች ከወረደ አበባው ሳይከፈት ይቃጠላል። በማርች 2017 የሆነው ይኸው ነበር፤ ከዮሺኖው እምቡጥ ግማሽ ያህሉ ጠፋ። ሁለተኛው ከፈካ በኋላ የሚመጣ ነፋስ የቀላቀለ ዝናብ ነው፤ በአንድ ሌሊት ዛፉን ያራግፈዋል። ቀዝቀዝ ያለና ጸጥ ያለ አየር ካገኘ ግን አበባው ሳምንትና ከዚያም በላይ ይቆያል። ብዙ ሰው «ሙሉ ፍካት» ከተባለበት ቀን በኋላ አበቃ ብሎ ይቀራል። ስሕተት ነው። 70 በመቶው የተከፈተ ዛፍ ገና 30 በመቶ ይቀረዋል፤ ከሁለትና ከሦስት ቀን በኋላ ነው ቅርንጫፉ ክፍተት የሚያጣው። የአበባው ቅጠሎች መርገፍ ሲጀምሩም ውሃው ዳር ዳሩን ነጭ ይለብሳል፤ ሕዝቡም ይቀንሳል።

ሰዓቱ ከቀኑ እኩል ይመዝናል። ፀሐይ በማርች መጨረሻ የምትወጣው 7 ሰዓት አካባቢ ነው። ከማክሰኞ እስከ ሐሙስ ባለው ቀን ከ6:30 እስከ 8:30 ከተገኛችሁ መንገዱ የእናንተ ነው፤ ፎቶ የሚያነሱና የሚሮጡ ሰዎች ብቻ ናቸው የሚኖሩት። ቅዳሜ ከቀትር እስከ 5 ሰዓት ድረስ ግን የእግረኛው መንገድ ጠባብ ስለሆነ የሕፃን ጋሪ ይዞ መዞር ስቃይ ነው። ጠዋቱ 4 እና 5 ዲግሪ ሊሆን ይችላል፤ ከሐይቁ የሚመጣው ነፋስም አለ። ጋቢ ከጃኬት በላይ ይጠቅማል፤ ሣሩ ላይ ለመቀመጥም ያገለግላል፤ ጤዛው እንዳይበላሽባችሁ ግን ከሥሩ ላስቲክ አንጥፉ።

መድረስ

መኪና ይዞ መሄድ አይመከርም። በሐይቁ ዙሪያ ያለው ማቆሚያ ጥቂት ነው፤ ፍካቱ በደረሰበት ቅዳሜና እሑድ ማልዶ ይሞላል፤ ፖሊስም አንዳንዱን መንገድ ይዘጋል። ታክሲ ወይም ኡበር ቢጠራም ሾፌሩ የሚያወርዳችሁ ከተዘጋው መንገድ ወዲያ ማዶ ነው፤ ለመመለስ ሲጠራ ደግሞ ሾፌሩና ተሳፋሪው ሳይገናኙ ግማሽ ሰዓት ይሄዳል።

ከሲልቨር ስፕሪንግ የሚመጣ ሰው በሜትሮ ባቡሩ ቀይ መስመር ሜትሮ ሴንተር ጣቢያ ይወርድና ወደ ታችኛው ወለል ወርዶ በሰማያዊ፣ በብርቱካናማ ወይም በሲልቨር መስመር ሁለት ጣቢያ ተጉዞ ስሚዝሶኒያን ይደርሳል። ስሚዝሶኒያን ሁለት መውጫ አለው፤ ብዙ ሰው በሳሩ ሜዳ (በናሽናል ሞል) በኩል ይወጣል፤ ለሐይቁ የሚቀርበው ግን በኢንዲፔንደንስ ጎዳና በኩል ያለው ነው። ከዚያ በእግር 10 እስከ 15 ደቂቃ። ከአሌክሳንድሪያ የሚመጣ ሰው ሰማያዊው መስመር ሳይቀይር ስሚዝሶኒያን ያደርሰዋል፤ ቢጫውን መርጦ ላንፋንት ፕላዛ መውረድ ግን የተሻለ ነው። ባቡሩ የፖቶማክን ወንዝ በድልድይ ስለሚሻገር የጄፈርሰን መታሰቢያና አበባው ገና ከመስኮቱ ይታያሉ፤ ከጣቢያው በእግር 20 ደቂቃ ያህል ቢያስኬድም ግፊያው ያንሳል። ለመመለስም ቢሆን ከሰዓት በኋላ ስሚዝሶኒያን ጣቢያ መግቢያው ላይ ሰልፍ ካያችሁ ሳትቆሙ ወደ ላንፋንት ፕላዛ ተራመዱ።

ሐይቁን መዞር

ዙሪያው 3.4 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በባዶ መንገድ ከአንድ ሰዓት ባነሰ ጊዜ ይዞራል፤ ሕዝብ ሲኖር ሁለት ሰዓት ያዙለት። ከኢንዲፔንደንስ ጎዳና የሚመጣው ሕዝብ መጀመሪያ የሚያገኘው የጀልባ ማከራያውን ጥግ ነው፤ እዚያው ቆሞ ፎቶ ያነሳል፤ ከዚያም ወደ ግራ ወደ ጄፈርሰን መታሰቢያ ይጎርፋል። እናንተ ወደ ቀኝ ዙሩ፤ ውሃውን በግራችሁ ይዛችሁ ሂዱ። በሰሜኑ ዳር፣ የ17ኛው ጎዳና መጨረሻ አካባቢ፣ የነሐስ ጽሑፍ ያለባቸው ሁለት ያረጁ ዛፎች አሉ። ማርች 27 ቀን 1912 የፕሬዚዳንቱ ባለቤት ሄለን ታፍትና የጃፓን አምባሳደር ባለቤት ቪስካውንተስ ቺንዳ የተከሏቸው የመጀመሪያዎቹ ናቸው። ቶኪዮ በዚያ ዓመት የላከችው 3,020 ዛፍ ነበር። ከዚያ በፊት በ1910 የመጣው 2,000 ዛፍ ተባይና የሥር ትል ስለተገኘበት ሙሉ በሙሉ ተቃጥሏል፤ የጃፓኖቹ ትዕግሥት ያስገርማል፣ ተቀይመው ሊቀሩ ይችሉ ነበር። አጠገቡ በ1954 የተሰጠ የድንጋይ ፋኖስ ቆሟል፤ የተሠራው ግን በ17ኛው ክፍለ ዘመን ነው።

ቀጥሎ የማርቲን ሉተር ኪንግ መታሰቢያ፣ ከዚያ የሩዝቬልት ይመጣል። ጠዋት ፀሐይ ስትወጣ ለፎቶ የሚሻለው ይህ የሰሜን ምዕራብ ዳር ነው፤ የጄፈርሰን መታሰቢያ ከማዶ፣ ብርሃኑ ከኋላው ይሆናል። ሐበሻ ቀሚስ ለብሶ ፎቶ ለመነሣት የሚመጣ በርካታ ስለሆነ አንድ ነገር ልብ ይባል፦ ነጭ ቀሚስ በነጭ አበባ ላይ በቀትር ፀሐይ ይጠፋል፤ ካሜራው ጥለቱን ብቻ ነው የሚያየው። ሰፋ ያለ ባለቀለም ጥለት ወይም ደማቅ ነጠላ ምረጡ፣ ወይም ጥላ ባለበት ተነሱ። የቀሚሱ ጫፍ በጤዛና በጭቃ እንዳይነካ እስከ ቦታው ድረስ ከፍ አድርጎ መያዝ ግድ ነው። ቅርንጫፍ ጎትቶ ማስጎንበስ፣ አበባ መቀንጠስ፣ ልጅ ዛፍ ላይ ማውጣት ክልክል ነው፤ ያስቀጣል። ድሮንም በከተማዋ ሰማይ ላይ አይፈቀድም።

መጸዳጃ ቤት በሩዝቬልት እና በጄፈርሰን መታሰቢያዎች አለ፤ ተንቀሳቃሾችም ለበዓሉ ይጨመራሉ። የጄፈርሰኑ በምድር ቤቱ ውስጥ ስለሆነ ብዙዎች አያውቁትም፤ ሰልፉ አጭር የሚሆነውም ለዚህ ነው። ልጆች ይዛችሁ ከሆነ «ከጠፋችሁ እዚህ» የምትሉት ቦታ የጄፈርሰን ደረጃ ይሁን፤ በሕዝብ ብዛት የስልክ መስመር ስለሚጨናነቅ በስልክ እንፈላለግ ማለት አያዋጣም።

የሐይቁ ግንብ ለዓመታት እየሰመጠ ስለመጣ በ2024 የ113 ሚሊዮን ዶላር የእድሳት ሥራ ተጀምሯል። ለዚህ ሲባል ከ140 የማያንሱ የቼሪ ዛፎች ተቆርጠዋል፤ በውስጠ ባዶ ጎባጣ ግንዷ ታዋቂ የነበረችው «ስተምፒ»ም አንዷ ናት። ቅርንጫፏ ተወስዶ በብሔራዊ የዕፅዋት ማዕከሉ ተባዝቷል፤ ሥራው ሲያልቅ 274 ቼሪ እንደሚተከል ያኔ ተገልጾ ነበር፤ ጃፓንም 250 አዲስ ዛፍ ለመስጠት ቃል ገብታለች። ከመሄዳችሁ በፊት የትኛው የመንገዱ ክፍል ክፍት እንደሆነ አረጋግጡ።

ገንዘብ የሚጠየቅባቸው

በፔዳል የሚነዳው ጀልባ ከውጭ ሲታይ ያጓጓል። የሁለትና የአራት ሰው አለ፤ በሰዓት ይከራያል። ከውሃው መካከል ሆኖ አበባውን በዙሪያ ማየት ጥሩ ነው፤ ይህን አንክድም። ነገር ግን ከዳር ያለው ዛፍ ከመካከል ሲታይ ይርቃል፤ ነፋስ ካለ ፔዳሉ ጭን ያደክማል፤ ቅዳሜ ሰልፉ ራሱ ከኪራዩ ይረዝማል። በሥራ ቀን ልክ እንደተከፈተ፣ ከልጆች ጋር፣ አየሩ ጸጥ ካለ ያዋጣል። በሌላ ጊዜ አያዋጣም።

የወንዝ ላይ መርከብ ሽርሽር ግን በግልጽ ይቅርባችሁ። «የቼሪ አበባ ጉዞ» ተብሎ ቢሸጥም ትልቅ መርከብ በዝቅተኞቹ ድልድዮች ምክንያት ወደ ታይዳል ቤዝን አይገባም፤ ከፖቶማክ ወንዝ ላይ ሆናችሁ የምታዩት የምሥራቅ ፖቶማክን ዳር በሩቁ ነው። ለመጓጓዣ ከሆነ ከአሌክሳንድሪያ አሮጌ ከተማ ወደ ዘ ዋርፍ የሚያመላልሰው የውሃ ታክሲ ይሻላል፤ ከዘ ዋርፍ ሐይቁ ድረስ በእግር ይደረሳል።

በፔንሲልቬኒያ ጎዳና የሚካሄደው «ሳኩራ ማትሱሪ» የጃፓን የጎዳና ፌስቲቫል መግቢያው በቲኬት ነው። ከበሮው፣ የማርሻል አርት ትርኢቱ፣ የዕደ ጥበብ ሽያጩ ደርዝ ያለው ነው፤ የጃፓን ባህል ለሚወድ ልጅ ቲኬቱ አያስቆጭም። ምግቡ ግን ከቲኬቱ በላይ ሌላ ክፍያና ሌላ ሰልፍ ነው። ቁርስ በልታችሁ ሂዱ።

የካይቱ ቀን

ከነፃ ዝግጅቶቹ ሁሉ ይህን እናስቀድማለን። ብዙውን ጊዜ በማርች የመጨረሻው ቅዳሜ፣ በዋሽንግተን ሐውልት ሜዳ ላይ፣ ከጠዋቱ 10 እስከ 4:30 ይካሄዳል። ዝናብ ከጣለ ወደ እሑድ ይዛወራል። ጅምሩ በ1967 ነው፤ በስሚዝሶኒያን ይሠራ የነበረው ፖል ጋርበር ነው ያስጀመረው። አበባው ቢዘገይም ቢቀድምም ካይቱ ነፋስ እንጂ ፍካት አይፈልግምና ቀኑ አይከሽፍም። «ሮካኩ» የሚባለው ባለስድስት ማዕዘን የጃፓን ካይት ውጊያ እንዳያመልጣችሁ፤ አንዱ የሌላውን ክር ቆርጦ ወይም አጣምሞ ሲጥል ሜዳው ይጮኻል።

ካይት በሱቅ ስትገዙ ባለሦስት ማዕዘኑን ዴልታ ምረጡ፤ ለጀማሪ ልጅ ከባለአራት ማዕዘኑ ይቀላል። ከማስታወሻ ዕቃ መሸጫ ጋሪ ላይ ያለው ርካሽ ላስቲክ ካይት የመጀመሪያው ጠንካራ ነፋስ ላይ ዘንጉ ይሰበራል። ለነፋስ በሰዓት ከ8 እስከ 24 ኪሎ ሜትር ያለው ይመቻል። ትልቁ ስሕተት እየሮጡ ማንሳት ነው፤ ከሰው ያጋጫል፣ ካይቱንም አያወጣም። ጀርባችሁን ለነፋሱ ስጡ፤ አንድ ሰው ካይቱን ይዞ 15 ሜትር ያህል ወደፊታችሁ ይራቅ፤ ክሩ ይወጠር፤ ነፋስ ሲመጣ ይልቀቀው፤ እናንተ እጅ በእጅ ክሩን ወደ ራሳችሁ ሳቡ። አፍንጫው ወደ ሰማይ እያየ ሲወጣ ክር ልቀቁለት።

በጅራቱ በኩል ወደ ኋላ እየሰመጠ ከወረደ ነፋሱ አንሷል ማለት ነው። በአፍንጫው ከወደቀ ወይም ከተሽከረከረ ነፋሱ በዝቷል፤ ጅራት ጨምሩለት፣ ከሪባንም ከቀጭን ጨርቅም ቢሆን። ልጓም (ከካይቱ ገላ ጋር የተያያዙ አጫጭር ክሮች) ያለው ካይት ከሆነ ክሩ የሚታሰርበትን ቀለበት ነፋሱ ሲበረታ ወደ አፍንጫው፣ ሲደክም ወደ ጅራቱ ጥቂት አንሸራቱ፤ አንድ ሴንቲ ሜትር እንኳ ለውጥ ያመጣል። ከሐውልቱና ከዛፍ ጀርባ አትቁሙ፤ ነፋሱ እዚያ ስለሚታወክ ካይቱ ያለ ምክንያት ይወርዳል። ለልጅ 30 ሜትር ክር ይበቃል፤ ከዚያ በላይ ከሆነ ከሌላው ጋር መጠላለፍ ነው። ሲጠላለፍ የሚጎትት ይጠፋል፤ ሁለቱም ክር ለቀው ወደ አንዱ ሲቀራረቡ ይፈታል።

ሰልፉና የመጨረሻው ሳምንት

ትልቁ ሰልፍ ብዙውን ጊዜ በኤፕሪል ሁለተኛ ቅዳሜ፣ በኮንስቲትዩሽን ጎዳና፣ ከ7ኛው እስከ 17ኛው ጎዳና ድረስ፣ ከ10 ሰዓት እስከ ቀትር ይሄዳል። ግዙፍ ፊኛዎች፣ የትምህርት ቤት ማርሽ ባንዶች፣ ያጌጡ መኪኖች። ወንበር መግዛት አያስፈልግም፤ መንገዱ ዳር 9 ሰዓት ላይ ብትቆሙ ከፊት ትሆናላችሁ። የሚያሳዝነው ግን በዚያ ቀን ሐይቁ ዳር አብዛኛውን ጊዜ የዮሺኖ አበባ አለመኖሩ ነው። በ2024 ፍካቱ ማርች 17፣ ሰልፉ ኤፕሪል 13 ነበር። በጽሑፉ መግቢያ ላይ «ሄድን፤ አበባ ግን የለም» ሲል የሰማነው አብዛኛው ከሰልፉ ቀጥሎ ወደ ሐይቁ የሄደ ሰው ነው።

በዚያ ሳምንት አበባ ለማየት የፈለገ ክዋንዛን የሚባለውን ዝርያ ይፈልግ። ከዮሺኖ ሁለት ሳምንት ያህል ዘግይቶ ይፈካል፤ አበባው ድርብርብ፣ ደማቅ ሮዝ ነው። ብዙው ያለው በምሥራቅ ፖቶማክ ፓርክ፣ ወደ ሄይንስ ፖይንት በሚወስደው መንገድ ነው። ለብስክሌትና ለሽርሽር ከሐይቁ ዳር ይልቅ ይህ ነው መሄጃው፤ ሜዳ ነው፣ ወንዙን ተከትሎ ይዞራል፣ ቅዳሜ እንኳ ጋቢ የሚዘረጋበት ቦታ አይጠፋም። መጸዳጃ ቤቱ ግን ጥቂት ነው።

ስንቅ

የአበባው ወቅት ሁልጊዜ በሚባል መልኩ በዐቢይ ጾም ውስጥ ይወድቃል፤ ፋሲካ በ2023 ኤፕሪል 16፣ በ2024 ሜይ 5፣ በ2025 ኤፕሪል 20 ነበር። በሐይቁ ዳር የሚሸጠው ደግሞ ሆት ዶግና አይስክሬም ነው። ስለዚህ ስንቅ ከቤት መያዝ ግድ ነው፤ ከሲልቨር ስፕሪንግ ወይም ከአሌክሳንድሪያ የሐበሻ ሱቆችም ይገኛል። ለመንገድ የሚሆነው ደረቁ ነው፦ የምስር ሳምቡሳ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ቆሎ፣ ድፎ ዳቦ፣ ጎመንና ድንች አልጫ በእንጀራ ተጠቅልሎ። የቲማቲም ፍትፍት ሁለት ሰዓት ሳይሞላው ውሃ ይሆናል፤ ሽሮ ሲቀዘቅዝ ይረጋል፤ ቀይ ወጥ ያለው ዕቃ ሜትሮ ውስጥ ቢደፋ ደግሞ ነጭ ቀሚስ የለበሰ ሁሉ ይጠላችኋል። ሳምቡሳው ትኩስ ሳለ ክዳን ባለው ዕቃ ከተዘጋ ይላላል፤ በወረቀት ጠቅልሉት። የእጅ መታጠቢያ ውሃ በጠርሙስ ያዙ።

ቡናን በተመለከተ፦ ሣሩ ላይ ከሰል ማቀጣጠል ችግር ያመጣል፤ አትሞክሩት። ቤት ውስጥ አፍልታችሁ፣ አተላው እስኪዘቅጥ ጠብቃችሁ፣ ቀድሞ በፈላ ውሃ በታጠበ ፔርሙዝ አድርጉት። አንድ ሊትር ለአሥራ ሁለት ሲኒ አካባቢ ይበቃል። አተላው አብሮ ከገባ እዚያ ስትደርሱ ይመራል። አልኮል በእነዚህ ፓርኮች አይፈቀድም።

አለርጂ ያለበት ሰው ቼሪውን ይሸሻል፤ ያለ ጥፋቱ ነው። የቼሪ ብናኝ ከባድ ስለሆነ በነፍሳት እንጂ በነፋስ አይጓዝም። በዚያው ሰሞን የሚያስነጥሰው የሜፕል፣ የኤልምና በኋላ የኦክ ዛፍ ብናኝ ነው። መድኃኒታችሁን ግን ያው ውሰዱ። ፍሬው ይበላ እንደሆነ ለሚጠይቁም፦ እነዚህ ለአበባ የተተከሉ ናቸው፤ ፍሬያቸው ትንሽና ጎምዛዛ ነው።

ልጅ ላላቸው፣ ሕዝብ ለሚሸሹ

በምዕራባውያኑ ፋሲካ ማግስት ሰኞ በዋይት ሐውስ ግቢ እንቁላል የማንከባለል ጨዋታ አለ፤ ከ1878 ጀምሮ የሚደረግ ነው። መግቢያው ነፃ፣ ግን በዕጣ ነው፤ ዕጣው የሚከፈተውም የሚዘጋውም ከሳምንታት በፊት ስለሆነ ማርች ሲጋመስ የሚያስታውስ ሰው አልፎታል። በቡድኑ ውስጥ ዕድሜው 13 ወይም ከዚያ በታች የሆነ ልጅ መኖር አለበት። የእኛ ጾም ካልተፈታ ልጆቹ እንቁላሉን ያንከባልሉታል እንጂ አይበሉትም፤ ይህን አስቀድሞ ማስረዳት ከበር ላይ ጭቅጭቅ ያድናል።

ሕዝብ ለማይወድ ወይም በእግር ብዙ ለማይሄድ ወላጅ ሁለት ቦታ አለ። አንደኛው የአሜሪካ ብሔራዊ አርቦሬተም (የዕፅዋት ማዕከሉ) ነው፤ 446 ኤከር፣ መግቢያው ነፃ፣ በመኪና እየተዞረ የሚታይ፣ ማቆሚያም ያለው። የቼሪው ዝርያ ብዙ ስለሆነ አንዱ ቢያልፍ ሌላው ይገኛል፤ ሜትሮ ግን በአጠገቡ አያልፍም። ሁለተኛው ቤተዝዳ ውስጥ ያለው ኬንዉድ ሰፈር ነው፤ ለሲልቨር ስፕሪንግ ነዋሪ ከመሐል ከተማው ይቀርባል። የሰው መኖሪያ ነው፤ ዛፎቹ ከመንገዱ ግራና ቀኝ ወጥተው ከላይ ይገናኛሉ። በፍካቱ ሰሞን በሰፈሩ ውስጥ መኪና ማቆም ስለሚከለከል ከሰፈሩ ውጭ አቁሞ በእግር መግባት ነው፤ ምልክቱን ሳያነብ ያቆመ ሰው መኪናውን ተነሥቶ ሊያገኘው ይችላል። መጸዳጃ ቤትም፣ የቆሻሻ መጣያም የለም፤ የያዛችሁትን ይዛችሁ ተመለሱ።